ሁለተኛው አሥራ አንድ

«እናትሽ ከአያታችን ቀድማ ነው የሞተችው፤ ቀድሞ የሞተ ደግሞ አይወርስም። ሕጉ የእኔ አይደለም ሳዳ፣ የአላህ ነው።»

ሸምሲያ ይህን የሰማችው የግቢውን በር በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ልትገባ ስትል ነው። በአንድ እጇ ሙዝ፣ በሌላው ትኩስ ዳቦ ይዛለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምትኖርበት ከአቦከር ወደ ጀጎል ግንብ ውስጥ ስትመጣ እናቷ ዘንድ ባዶ እጇን ገብታ አታውቅም። የተናገሩት ሐጂ ዓሊዪ ናቸው። የእናቷ የአጎት ልጅ፣ የግቢው ትልቅ፣ ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ የእህል መጋዘን ያላቸው፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። አሁንም ከፍ አላደረጉም። ልጆቻቸው ቤቱን የእንግዳ ማረፊያ ሊያደርጉት እንደተስማሙ፣ ቱሪስት ደግሞ ከምንም በፊት የሚጠይቀው ሙቅ ውሃ እንደሆነ፣ በሩ አጠገብ ያለችው የሳዳ ክፍል ለውሃው መስመር ስለምትቀርብ መታጠቢያ ቤት እንደምትሆን፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብለው አስረዱ። ከሳዳ በኩል የሚሰማው ሰፌዱ ላይ ቁንዶ በርበሬ ስትለቅም ፍሬው የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ነው።

«እኔ ጨካኝ አይደለሁም፤ እስከ ረመዳን ቆዪ» አሉ ሐጂ ዓሊዪ። «ልጅሽ አስተማሪ ናት፣ አልሐምዱሊላህ፤ ትወስድሻለች። ዛሬ ከሰዓት ከዐስር ሶላት በኋላ ሐጂ ሰዒድ ለሽምግልና ይመጣሉ። በእሳቸው ፊት እሺ በይና ነገሩን በሰላም እንዝጋው። ደግሞስ ብትወርሺስ ምን ሊደርስሽ ነው? ይሄ ቤት በስንት ድርሻ እንደሚከፈል ረሳሽው?» ብለው፣ ልክ በልጅነታቸው ቁርኣን ቤት እንደተማሩት፣ ወገባቸውን ወደፊትና ወደኋላ እያወዛወዙ በዜማ ወረዱት፦ «ሁለት ቢሊዮን፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ሦስት ሚሊዮን፣ ሁለት መቶ አርባ ሺህ፣ ዘጠኝ መቶ ስልሳ! ከዚህ ውስጥ ያንቺ ቢኖር የበሩን ማጠፊያ ሚስማር አይሞላም።»

ሸምሲያ ያን ጊዜ በሩን ገፍታ ገባች። ሐጂ ዓሊዪ ደስ ብሏቸው እጃቸውን ዘረጉላት፤ ስለ ባሏ ጠየቁ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቁ፣ የልጅ ልጆቻቸውን አንድ ቀን ሒሳብ እንድታስጠናላቸው ለሁለተኛ ጊዜ ለመኗት፤ ከዚያ ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ። ክፋት የሌለበት ሰው የሚሠራው በደል እንዲህ ነው፤ የምትቆጣበት ቦታ ታጣለህ።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ቀይ አፈር የተቀባ አንድ መደብ፣ ከመደቡ በላይ በግድግዳው የተሰቀሉ ሰሐኖች፣ ጥግ ላይ የቅመም ጆንያዎች፣ በመስኮቱ በኩል የጎረቤት ሮማን ዛፍ። ሳዳ የተወለደችው እዚህ ነው። ተድራ ወጥታ፣ ባሏ ሲሞት ሸምሲያን አዝላ የተመለሰችውም እዚህ ነው። ሸምሲያ ማባዛትን የተማረችው በዚሁ መደብ ላይ በሆዷ ተኝታ ነው። አሁን አቦከር የምትኖርበት ቤት አንድ ክፍልና ሳሎን ሲሆን በወር ስምንት ሺህ ትከፍላለች፤ እናቷን መውሰድ ትችላለች፣ ባሏም አይከፋም። ግን ሳዳ ከዚህች ክፍል ከወጣች ቅመም ከምትሸጥበት ከጊደር መጋላው መደቧ ትርቃለች፣ ከጎረቤቶቿ ትርቃለች፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የወጣችው «ወራሽ አይደለሽም» ተብላ ይሆናል። ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት የኖረችበት ቤት የእሷ እንዳልነበረ ሲነገራት፣ የኖረችውን ሁሉ በውሰት የኖረችው ይመስላታል።

«እማ፣ ምን አልሻቸው?»

«ምን እላለሁ? ያኔ ጡት ላይ ነበርኩ። እናቴና አያቴ በአንድ ሳምንት ነው የሞቱት። ማን ቀደመ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ይመጣል ብዬ መች አሰብኩ?»

«ሌሎቹስ ምን ይሉ ነበር?»

«የዓሊዪ እናት፣ እናቴ ፋጡማ ናት የቀደመችው ትል ነበር። የእኔ አሳዳጊ ደግሞ አያቴ ሐጂ በክሪ ቀደሙ ትል ነበር። ሁለቱም ሞተዋል፤ አላህ ይማራቸው» አለች ሳዳና የለቀመችውን ቅመም ከረጢት ውስጥ ገለበጠችው። «ነይ ይልቅ ይሄን አንሺልኝ፣ ገበያው ረፈደ።»

ሸምሲያ ከረጢቱን ይዛ ከእናቷ ኋላ በጠባቡ መንገድ ወረደች። መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድምና መነጋገር አይቻልም፤ ለማሰብ ግን ይመቻል። የምታስበው ያንን ቁጥር ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች። ሠርግ ላይ ይባላል፣ ኢድ ላይ ይባላል፤ የቤተሰቡ መኩሪያም መሳቂያም ነው። ታሪኩን ሁሉም ያውቀዋል፦ ከሶማሌ ጦርነት በኋላ የሐጂ በክሪ ልጆችና የልጅ ልጆች ቤቱን እንሽጥ አንሽጥ ብለው ሲጣሉ፣ ሸኽ ዑስማን ውርስ የሚከፈልበትን ዕውቀት ጠንቅቀው የሚያውቁ ነበሩና ከአያትየው ጀምሮ በየተራ የሞተውን ሁሉ እየቆጠሩ ሲያሰሉ ሰነበቱ። አንዱ ሲሞት ድርሻው ለልጆቹ ይቆራረሳል፣ ከልጆቹ አንዱ ሲሞት ደግሞ ያ ቁራሽ ይቆራረሳል፤ ለሁሉም ያለ ስብርባሪ የሚደርስበት ትንሹ ጠቅላላ ድርሻ ተፈልጎ ሲገኝ ሁለት ቢሊዮን አለፈ። ሸኹ ይህን ሲናገሩ ተጣልተው የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ፤ «ይህን ማን ይቆርጠዋል? አብራችሁ ኑሩ» ሲሏቸውም ታረቁ። የየሰው ድርሻ ሳይነገር ቀረ። ስሌቱ የተጻፈበት ሎህ፣ ያ ተማሪ ቁርኣን የሚጽፍበት ጣውላ፣ እንደ ደንቡ ታጠበ፤ ትምህርቱ ቃል በቃል ከተያዘ ሎሁ ይታጠባልና። ሎሁን ይዞ የተቀመጠው፣ ቁጥሩንም በቃሉ የያዘው ያኔ ጢሙ ገና የሚያቀመቅመው ዓሊዪ ነበር።

ሸምሲያ ለተማሪዎቿ በየዓመቱ የምትናገረው ነገር አለ፦ ትልቅ ቁጥር አያስፈራችሁ፤ ትልቅ ቁጥር ማለት ትንንሾች ተባዝተው ነው፤ ማን ማን እንደተባዛ ደግሞ ጠይቃችሁ ታወጡታላችሁ። ይህን ስትል ስንት ዓመቷ፣ የቤታቸውን ቁጥር ግን አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም። ቁጥሩ ለእሷም እንደ ሌላው ሁሉ ዘፈን ነበር። አሁን መንገዱን እየወረደች መጠየቅ ጀመረች። መጨረሻው ስልሳ ነው፤ ለሁለትና ለአምስት ይከፈላል፤ አሃዞቹ ሲደመሩ ሠላሳ ስድስት ናቸው፣ ለሦስትም ይከፈላል፤ ይህ ምንም አይገርምም፣ ሚስት ስምንተኛ ትወስዳለች፣ እናት ስድስተኛ ትወስዳለች፤ ሁለትና ሦስት የሌለበት ውርስ የለም። ቀጥላ ከቀኝ ጀምራ አንዱን አሃዝ ደመረች፣ ተከታዩን ቀነሰች፣ የሚቀጥለውን ደመረች፣ የሚቀጥለውን ቀነሰች። አህያ የሚነዳ ሰው «ሐፍ! ሐፍ!» እያለ ሲያልፍ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆመች። አህያው ካለፈም በኋላ ከግድግዳው አልተላቀቀችም። ውጤቱ ዜሮ መጥቶ ነበር። ዜሮ ከመጣ ቁጥሩ ለአሥራ አንድ ይከፈላል።

ሐጂ በክሪ ሲሞቱ ሚስታቸው ቀድማቸዋለች፤ የቀሩት ልጆች ናቸው። ወንዶች አራት። ወንድ የሁለት ሴት ድርሻ ይወስዳልና ስምንት። ሴቶች ሁለት ከሆኑ፣ ሐጂ ዓሊዪ እንደሚሉት፣ ድምሩ አሥር ነው። ሦስተኛዋ ፋጡማ፣ የሳዳ እናት፣ ከአባቷ በኋላ አንዲት ቀን እንኳ ቆይታ ከሆነ ግን ወራሽ ናት፤ ድምሩም አሥራ አንድ ነው።

ጊደር መጋላ ቅዳሜ ሰው ይጎርፍበታል። ሳዳ መደቧ ላይ ተቀምጣ እርዱን፣ ሄሉን፣ ቁንዶ በርበሬውን በየክምሩ አደረገች፤ ሸምሲያ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ትጠይቃታለች። የማን ቤት ስንት ልጅ ነበረ? ሸኽ ዑስማን ሲያሰሉ ማን ሞቶ ነበር? ሳዳ በመካከሉ ከባቢሌ ከመጣች ሴት ጋር ስለ ሚጥሚጣ ዋጋ ትከራከራለች። «ዘጠኝ መቶ? ወላሂ ባለፈው ሰባት መቶ ነበር!» «ባለፈው አንቺም ወጣት ነበርሽ» ትላታለች ሳዳ፤ ይሳሳቃሉ፣ ስምንት መቶ ሃምሳ ላይ ይታረቃሉ። ከዚያ ዞር ብላ ትመልሳለች። የሁለተኛው ልጅ ቤት አምስት ወንድና ሦስት ሴት፦ አሥራ ሦስት ሆነ፣ ቁጥሩም ለአሥራ ሦስት ይከፈላል። የሦስተኛው ቤት ሦስት ወንድና አንዲት ሴት፦ ሰባት። የታላቂቱ ሴት ልጅ ቤት ሁለት ወንድና አንዲት ሴት፦ አምስት። አምስት ግን ምስክር አይሆንም አለች ሸምሲያ በሆዷ፤ ከአሥርም ሊመጣ ይችላል። የመጀመሪያው ልጅ፣ የሐጂ ዓሊዪ አባት ቤት፦ ሐጂ ዓሊዪ ራሳቸው፣ ሁለት ወንድሞቻቸውና እህታቸው ረምላ። እሱም ሰባት። የቀሩት ሁለት ልጆች ያኔ በሕይወት ስለነበሩ ድርሻቸው አልተቆረሰም። አሥራ አንድ የሚሆን ቤት የለም።

«ምንድነው የምትቆጥሪው ግን?» አለች ሳዳ።

«እናትሽን እየፈለግኩ ነው።»

ሳዳ ወረቀት አጣጥፋ እርድ ጠቀለለችና ለሚቀጥለው ደንበኛ ሰጠች።

ከገበያ ቀጥታ ትምህርት ቤት ሄደች፤ ቅዳሜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማካካሻ አላት። ሲያልቅ በር ላይ ካለችው ሻይ ቤት ኒቆዲሞስን አገኘችው። ኒቆዲሞስ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ቅድመ አያቱ ሐረር ከገቡ ወዲህ ቤተሰቡ ከዚህች ከተማ ወጥቶ አያውቅም፣ የእሱም ምላስ ከሐረር ሰው ምላስ አንዲት ጭረት አያንስም። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። ስልኩን አውጥቶ አካፈለ፤ አሥራ አንድ ያለ ቀሪ ገባ።

«እሺ፤ ግን ቁጥር ምስክር ሆኖ ሲቀርብ ማን ነው የሚያስምለው? በቁርኣን ነው በሰንጠረዥ?» አለ።

«አትቀልድ አቦ።»

«አልቀለድኩም። የሐጂውን ቦታ ይዤ ልጠይቅሽ። አሥራ አንዱ ከሌላ ቤት ቢመጣስ?»

«ሁሉንም ቤት ቆጥሬያለሁ።»

«አንቺ የቆጠርሽው በሕይወት ያሉትን ነው ወይስ ያኔ የነበሩትን?»

«ያኔ የነበሩትን» አለች ሸምሲያ፣ ትንሽ ተቆጥታ። ስታስበው እናቷ የነገረቻትን ነው የቆጠረችው። እናቷ ደግሞ ደንበኛ እያስተናገደች ነበር። ሻይዋን ጨርሳ ተነሳች። ለሁለቱም እሷ ናት የከፈለችው፤ ኒቆዲሞስ «ካሸነፍሽ እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ነበርና።

ከዐስር ሶላት በኋላ በትልቁ ቤት ተሰበሰቡ። ከፍ ባለው መደብ ላይ ሐጂ ሰዒድ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ዕድሜያቸው ሰማንያን የተሻገረ፣ ጆሯቸው የደከመ፣ ውርስ በሚከፈልበት ጉዳይ ግን ከጀጎል ውጭም የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ ሐጂ ዓሊዪ፤ ፊታቸው አንድ እስር ጫት ሳይፈታ ተቀምጧል። ዝቅ ባለው መደብ ላይ የሐጂ ዓሊዪ እህት ረምላ፣ ከእሷም ዝቅ ብላ በሩ አጠገብ ሳዳ ተቀምጣለች። ይህ ቤት ሰውን በየልኩ አስቀምጦ የሚያሳይ ቤት ነው። ሸምሲያ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች።

ሐጂ ዓሊዪ ነገሩን በአጭሩ አስረዱ። ፋጡማ ከአባቷ ቀድማ መሞቷን ከእናታቸው እንደሰሙ፣ እናታቸውም ውሸት የማታውቅ ሴት እንደነበረች ተናገሩ። ማንም አልተቃወመም። ሐጂ ሰዒድ ወደ ሳዳ ዞሩ።

«አንቺስ ምን አለሽ ልጄ?»

«ልጄ ትናገርልኝ» አለች ሳዳ።

ሐጂ ዓሊዪ ፈገግ አሉ። «ሒሳብ ልታስተምረን ነው?»

«አዎ አባ ዓሊዪ» አለች ሸምሲያ። «ግን ትምህርቱን የያዙት እርስዎ ነዎት። ሸኽ ዑስማን ያስያዙዎትን ቁጥር ለሐጂ ሰዒድ ያሰሙልኝ።»

ሐጂ ዓሊዪ ይህን ለመባል የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ቀና ብለው፣ እየተወዛወዙ፣ በዜማው ወረዱት። ሐጂ ሰዒድ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«አንድ አሃዝ አልሳትክም?»

«ወላሂ አንድ አልሳትኩም። ሸኹ ሎሁን ሳያጥቡ በፊት ደጋግመው በቃሌ አስወጥተውኛል። ስሜን ብረሳ ይህን አልረሳም።»

«ማሻአላህ» አሉ ሽማግሌው፤ ወደ ሸምሲያ ተመለሱ። እሷም ተናገረች። ቁጥሩ ለአሥራ አንድ እንደሚከፈል፣ አሥራ አንድ በመቁረስ ብዛት የማይፈጠር፣ አንዴ ከገባ ግን ብታባዛው ብታባዛው የማይጠፋ እንደሆነ፣ አሥራ አንድ ድርሻ ካለው ቤት ብቻ ሊመጣ እንደሚችል፣ የሐጂ በክሪ ቤት ደግሞ ያለ ፋጡማ አሥር፣ ከፋጡማ ጋር አሥራ አንድ እንደሚሆን ቀስ ብላ አስረዳች። ሸኽ ዑስማን ሐጂ በክሪን አጥበው የገነዙ ሰው ናቸው፤ ፋጡማ ከአባቷ በኋላ መሞቷን ባያውቁ አይቆጥሯትም ነበር። ሐጂ ሰዒድ በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ ተከተሏት። አራት ወንድ፣ ስምንት። ሁለት ሴት፣ አሥር። ፋጡማ፣ አሥራ አንድ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሳዳ የልጇን ጉልበት ያዘች።

«ጨረስሽ?» አሉ ሐጂ ዓሊዪ። አሁንም ድምፃቸው አልጨመረም። «አንድ ቤት ዘለልሽ። የአባቴን ቤት እንዴት ቆጠርሽው?»

«ሦስት ወንድና አንዲት ሴት። ሰባት።»

«አምስት ወንድ» አሉ። ረምላ አንገቷን ደፋች። «ዚያድና ረሺድ የት ሄዱ? አባታችን ሲሞት ሁለቱም ነበሩ፤ ጦርነቱ ነው የወሰዳቸው። መቃብራቸው ስለማይታወቅ፣ ስማቸው በዚህ ቤት ስለማይነሳ አልነበሩም ማለት ነው? ከአባታቸው በኋላ የሞቱ ወራሾች ናቸው። አምስት ወንድ አሥር፣ ረምላ ትጨመር፣ አሥራ አንድ። ያ አሥራ አንድ የእኛ ነው ልጄ። የእናትሽ እናት አይደለችም።»

ሸምሲያ ፊቷ ሲግል ተሰማት። የኒቆዲሞስ ጥያቄ ጆሮዋ ውስጥ ነበር፤ እንዲያውም ከዚያም የባሰው የእናቷ እጅ ነው፣ ጉልበቷ ላይ ሳይጨብጥ ሳይለቅ እንደዚያው ቀርቷል። እናቷ ዚያድንና ረሺድን አልረሳችም፤ በዚህ ግቢ የእነሱን ስም አለማንሳት ደንብ ነው፣ ስትጠየቅም አፏ ደንቡን ጠበቀ። ሐጂ ዓሊዪ ልክ ናቸው። ቁጥሩ ፋጡማን ሳይቆጥርም ለአሥራ አንድ ሊከፈል ይችላል። ሸምሲያ ይህን ለማንም ከማመኗ በፊት ለራሷ አመነችው፤ የለመደችው እንደዚያ ነው፣ የተማሪ ጥያቄ ልክ ከሆነ ሰሌዳውን ታጠፋለች። ከዚያ ሰሌዳው ባዶ ሲሆን፣ ቀድሞ ያላየችውን አየች።

የሐጂ በክሪ ቤት አሥር ከሆነ፣ የእነ ዓሊዪ አሥራ አንድ ብቻውን ነው። የሐጂ በክሪ ቤት አሥራ አንድ ከሆነ ግን የእነ ዓሊዪ አባት የወሰደው ከአሥራ አንድ ሁለቱን ነው፣ ያም እንደገና ለአሥራ አንድ ተቆርሷል። አሥራ አንድ በአሥራ አንድ ውስጥ። ቁጥሩ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ መከፈል አለበት።

«ሐጂ፣ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» አለች።

«ጊዜ የአላህ ነው» አሉ ሐጂ ሰዒድ።

ስልኳን አላወጣችም። ብታወጣ ኖሮ እነዚህ ሰዎች የሚያምኑት ስልኩን እንጂ ሒሳቡን አይሆንም ነበር። ጮክ ብላ ጀመረች። «አባ ዓሊዪ፣ ቁጥርዎን ለአሥራ አንድ እናካፍለው። የእናንተን አሥራ አንድ እናውጣላችሁ፤ የዚያድን፣ የረሺድን፣ የሁላችሁንም። የሚቀረው ሁለት መቶ ሰባት ሚሊዮን፣ አምስት መቶ ስልሳ ሰባት ሺህ፣ ሦስት መቶ ስልሳ ነው። ለአሥራ አንድ መልሰው ያባዙት፣ ያው የእርስዎ ቁጥር ይመጣል።» ሐጂ ዓሊዪ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ አባዙት፤ ቁጥር የማያልፋቸው ነጋዴ ናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን በዚህ በቀረው ውስጥ የእናንተ ቤት የለም፣ ወጥቷል። አሥራ አንድ እንደገና ካለበት ከሌላ ቤት የመጣ ነው።» ከዚያ ከቀኝ ጀምራ፣ ጣቷን እያጠፈች፣ ሁሉም እየሰማት ወረደች። ዜሮ። ስድስት ተቀነሰ። ሦስት ተደመረ። ሰባት ተቀነሰ። ስድስት ተደመረ። አምስት ተቀነሰ። ሰባት ተደመረ። ዜሮ። ሁለት ተደመረ። «ባዶ» አለች። «ምንም አይቀርም። አሁንም ለአሥራ አንድ ይከፈላል። አሥራ ስምንት ሚሊዮን፣ ስምንት መቶ ስልሳ ዘጠኝ ሺህ፣ ሰባት መቶ ስልሳ። ከዚህ በኋላ አሥራ አንድ የለበትም። ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ የእናንተ ነው።»

ሐጂ ሰዒድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። እሳቸው አሃዝ በማፈራረቅ አይደለም የሚያውቁት፤ ሸኽ ዑስማን በተማሩበት መንገድ ከመጀመሪያው ሙት ጀምረው ወረዱት። ሐጂ በክሪ። የመጀመሪያ ልጅ። ልጆቹ። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ከእናንተ ቤት ሌላ፣ ያኔ ከነበሩት ቤቶች፣ አሥራ አንድ የሚሆን አለ?»

ሐጂ ዓሊዪ እያንዳንዱን ቤት በስሙ አነሱ፤ አንዱንም አልዘለሉም፣ የሞቱትንም አልዘለሉም። በመጨረሻ «የለም» አሉ።

«እንግዲያው ሁለት ነገር ነው ያለው» አሉ ሽማግሌው። «ወይ ሸኽ ዑስማን ፋጡማን ቆጥረዋታል፣ ወይ አንተ ቁጥሩን ስተሃል። ሰው ነህ፣ ዘመኑም ረጅም ነው። አንዲት አሃዝ ብትስት የሚፈርድብህ የለም። ተናገር።»

ሸምሲያ ሐጂ ዓሊዪን አየቻቸው። መውጫ በር ተከፍቶላቸዋል፤ ማንም ሊዘጋው አይችልም። ሎሁ ከታጠበ ዘመን ሆኖታል። «ምናልባት ስቼ ይሆናል» ቢሉ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ሳዳም በረመዳን ትወጣለች። ሐጂ ዓሊዪ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ምንጣፉን ያዩ ነበር። ልጆቻቸው ለቧንቧው ሠራተኛ ቀብድ ከፍለዋል። ሸምሲያ በዚያች ሰዓት የምትፈልገው እንዲሸነፉ አልነበረም፤ አሁን የሚናገሩት ነገር ከዚህ በኋላ በኢድ በተገናኙ ቁጥር አብሯቸው እንደሚቀመጥ ታውቅ ነበር።

መጀመሪያ የተናገረችው ረምላ ናት።

«ዓሊዪ፣ እኔ ባልቆጠር እናንተም አሥር ነበራችሁ» አለች።

ሐጂ ዓሊዪ እህታቸውን ቀና ብለው አዩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቁጥሩ ልክ ነው» አሉ። «አልሳትኩም። እናቴ ናት የሳተችው፤ አላህ ይማራት። በአንድ ሳምንት ሁለት ለቅሶ የተቀመጠች ሴት ማን ቀደመ፣ ማን ተከተለ ብላ ብትስት ምን ይፈረድባታል?»

ሐጂ ሰዒድ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ፋጡማ ወራሽ እንደሆነች፣ ሳዳም የእናቷ ወራሽ እንደሆነች፣ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ላይ ያለ እሷ ፈቃድ ሚስማር እንደማይመታ ተናገሩ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አላለቀሰም። ረምላ ተጠግታ ለሳዳ ከመደቡ ላይ ቦታ ለቀቀችላት፤ ሳዳ ግን ወዲያው አልተነሳችም።

ሐጂ ዓሊዪ ጫቱን ፈትተው ለስላሳውን ለሽማግሌው መረጡና፣ ሥራ እንዳለበት ሰው ወደ ሳዳ ዞሩ።

«እንግዲህ እንደ ሌሎቹ ወራሾች አንቺም መስማማት አለብሽ» አሉ። «የእንግዳ ማረፊያውን ነገር ማለቴ ነው። ክፍልሽ ይቅር፤ መታጠቢያውን በሌላ በኩል እናዞረዋለን። ልጆቹ ግን ሰኞ ሥራ ሊጀምሩ ነው። ምን ትያለሽ?»

ሳዳ በዚህ ቤት ውስጥ ምን ትያለሽ ተብላ ስትጠየቅ የመጀመሪያዋ ነው። ሸምሲያ ልትመልስላት አፏን ከፈተች፤ ሳዳ ጉልበቷን ጫን አድርጋ አስቀመጠቻት። ከዚያ ተነሳች፣ ሻሿን አስተካክላ ረምላ በለቀቀችላት ቦታ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች፣ ቀሚሷን እግሯ ላይ አለበሰች።

«ላስብበት» አለች።

ሐጂ ዓሊዪ ጠበቁ።